ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ እና የሚጣ ሚዛን

በሕፃናት ነርሲንግ ኮርስ መምህራችን ለሕፃናት ጤና የደከመ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ ብለው ስሞቹን በዕጣ ሲያድሉን፣ ለእኔ የደረሰችኝ ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ ነበረች። እውነቱን ለመናገር ስሟን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ክዋሽዮርኮር የሚለውን ቃል ግን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ቃሉን ወደ ሕክምና መጻሕፍት ያስገባችው እሷ መሆኗን አላወቅኩም እንጂ። ሥራውን ካስረከብኩ በኋላ ለቡለቲናችን እንደገና የጻፍኩት ለማርክ ብዬ አይደለም። የሴትየዋን ታሪክ ሳነብ እዚያው ውስጥ የራሴን ጥፋት ስላገኘሁት ነው። ስለዚህ ከእሷ በፊት ትንሽ ስለ ቤታችን ላውራ። ሳልረሳው፣ ስለ እሷ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምንኖረው ለገጣፎ ነው። ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ለመታረስ ወደ እናታችን ቤት መጣች። ልጅቷን እዚህ ጽሑፍ ላይ ሚጣ እላታለሁ። ሚጣ ስትወለድ 2,900 ግራም ነበረች፤ ወፍራም ባትባልም ደህና ክብደት ነው። ቤቱ ገንፎ ገንፎ እየሸተተ፣ ጎረቤት ገባ ወጣ እያለ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀኖች በደስታ አለፉ። ቀጥሎ ጠያቂዎቹ ስለ ልጅቷ ማነስ አስተያየት መስጠት ጀመሩ። አንዷ እጇ ቀጥኗል ትላለች፤ ሌላዋ የእናትየው ጡት ውሃ ብቻ ሳይሆን አይቀርም ትላለች። መቼም በእኛ አገር ሕፃን ታይቶ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፋፍቷል ወይ ነው። ሚጣ ደግሞ ሲመሽ ታለቅሳለች፣ ጠብታ ታቀረሻለች፣ እግሯን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች። ካካዋም ቢጫና ቀጭን ነው፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትላለች።

እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። በአምስተኛው ቀን ከልምምድ ስመለስ ነጭ ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ሚጣን ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ወስጄ አስመዘንኳት። ሚዛኑ 2,700 አለ። በአምስት ቀን 200 ግራም! እናቴ፣ አራስ ልጅ መጀመሪያ ትንሽ ሟሸሽ ብሎ ነው የሚነሳው ብላ ልታረጋጋኝ ሞከረች። እሷ አምስት ልጅ አሳድጋለች። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኛ! እህቴን ወተትሽ አልበቃትም፣ ልጅቷ እየተራበች ነው አልኳት። እህቴ አለቀሰች። ባሏ የዚያኑ ማታ ወጥቶ አንድ ጣሳ የዱቄት ወተትና አንድ ጡጦ ገዝቶ መጣ።

ጣሳው ውድ ነው። ቶሎ እንዳያልቅ ዱቄቱ ከታዘዘው አንሶ፣ ውሃው በዝቶ ይበጠበጣል። ውሃው ከጀሪካን ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣባቸው ግድቦች አንዱ ለገዳዲ ከጎናችን ነው፤ እኛ ቤት ግን ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ አጠራቅመን ነው የምንጠቀመው። አንዳንዴ በደንብ ይፈላል፤ አንዳንዴ ሌሊት ነው ይባልና ለብ ብሎ ብቻ ይሰጣታል። ሚጣ ጡጦዋን ጠጥታ ለጥ ትላለች፤ ጡት ሲሰጣት ፊቷን ታዞራለች። የእህቴም ጡት እያደር ማጋቱን ተወ። በ12ኛው ቀን ሚጣን ተቅማጥ ያዛት። በ14ኛው ቀን ስትመዘን 2,650 ሆነች፤ ጡጦውን ካስጀመርኳት ቀንም ወረደች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ሲስሊ ልሂድ፤ ሚጣን አልረሳኋትም።

ሲስሊ ዴልፊን ዊሊያምስ በዲሴምበር 1893 በጃማይካ ደሴት ኪው ፓርክ በሚባል የእርሻ ቦታ ተወለደች። ቤተሰቧ በዚያ ደሴት ለብዙ ትውልድ መሬት ይዘው የኖሩ ነጮች ናቸው፤ አባቷ የደሴቲቱ የትምህርት ኃላፊ ነበር። ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ፣ ይቺ ልጅ ባል ማግኘቷ ስለሚያጠራጥር ሐኪም ብትሆን ይሻላታል እንዳለ ይተረካል። ምን ዓይነት አባት ነው አትሉም? እንዳለውም ባል አላገባችም፤ ሐኪም ግን ሆነች።

በ13 ዓመቷ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ሄደች። ኦክስፎርድ በ19 ዓመቷ ተቀብሏት ነበር፤ ነገር ግን በጃማይካ የመሬት መንቀጥቀጥና አውሎ ነፋስ ጉዳት አድርሶ ስለነበር ወላጆቿን ለመርዳት ተመለሰች። ኦክስፎርድ የገባችው አባቷ ከሞተ በኋላ፣ በ23 ዓመቷ ነው። ሕክምና እንድትማር የተፈቀደላትም ወንዶቹ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስለዘመቱ ወንበሩ ባዶ በመሆኑ ነበር። ኦክስፎርድ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1920 መሆኑን ስታስቡ ነገሩ ይገባችኋል። በ1923 ሐኪም ሆና ወጣች፤ ወንዶቹ ደግሞ ከጦርነቱ ተመልሰው ወንበራቸውን ይዘው ጠበቋት። ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል ስትሠራ ቆይታ፣ የትሮፒካል ሕክምና ዲፕሎማ ጨምራ፣ በ1929 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ጎልድ ኮስት፣ ወደ ዛሬዋ ጋና ተላከች። ማዕረጓ ሴት የሕክምና መኮንን የሚል ሲሆን ደመወዟም ከወንዶቹ ያነሰ ነበር።

ታሪኳ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው ብል ማጋነን አይሆንም። በጋና ከአንድ እስከ አራት ዓመት የሆናቸው ልጆች ይመጡባታል። እግራቸው ያበጠ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ ጸጉራቸው የቀላ፣ ቆዳቸው እንደተቃጠለ የሚላላጥ፣ ለምግብም ለጨዋታም ፍላጎት የሌላቸው ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ይሞታሉ። የጊዜው ሐኪሞች አንዳንዱን ቂጥኝ፣ አንዳንዱን የቫይታሚን እጥረት ነው ይሉ ነበር። ሲስሊ ያደረገችው ነገር ሲወራ ቀላል ነው፤ እናቶቹንና አብረዋት የሚሠሩትን የአገሩን ነርሶች ጠየቀች። እናንተ ይህን በሽታ ምን ትሉታላችሁ ብላ። በአክራና አካባቢዋ በሚነገረው በጋ ቋንቋ ክዋሽዮርኮር እንደሚባል ነገሯት። ታናሹ ሲመጣ ታላቁን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው፤ በአማርኛ የተሻረ ልጅ በሽታ ብንለው ያስኬዳል። ሕፃኑ በእናቱ ጉልበት ላይ ነግሦ ይኖርና እናት ስታረግዝ ከጡት ይወርዳል፤ በጡቱ ፈንታ የሚሰጠው ከበቆሎ የተሠራ ቀጭን ምግብ ብቻ ነው። ምርመራው በሙሉ በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቃሉን ያወጡት ደግሞ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ናቸው።

በ1933 በእንግሊዝ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ በሽታውን ዘርዝራ ጻፈች፤ በ1935 ዘ ላንሴት ላይ ስሙን ራሱን ይዛ ወጣች። ሂው ስታነስ የሚባል የትሮፒካል በሽታዎች ሊቅ ይህ ፔላግራ ነው እንጂ አዲስ በሽታ አይደለም ብሎ ተከራከራት። እሷ ግን ልጆቹን በእጇ ዳስሳ፣ የሞቱትንም ራሷ መርምራ ስለነበር አልተበገረችም። በሽታው የፕሮቲን እጥረት ብቻ ነው የሚለው ትርጓሜ በኋላ ዘመን ብዙ ጥያቄ ተነሥቶበታል፤ ዛሬም መንስኤው ተሟጥጦ አልተነገረም። እኛም አገር በ1960ዎቹ ከስዊድን ጋር በተሠራው የሕፃናት አመጋገብ ሥራ ፋፋ የተባለው ዱቄት የወጣው ጡት ለሚተዉ ልጆች ተብሎ ነው። የስሙን አወጣጥ እዩልኝ፤ ያው የጎረቤቶቻችን ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሲስሊ እነዚያን ያበጡ ልጆች ካከመችባቸው ነገሮች አንዱ ስኳር ያለበት የጣሳ ወተት ነበር። ለተሻረው ልጅ፣ ለሁለት ዓመቱ፣ ወተቱ መድኃኒት ሆኖለታል። ሴትየዋ የጣሳ ወተት ጠላት ሆና አልተወለደችም ማለቴ ነው።

ከአለቆቿ ጋር ስላልተስማማች በ1936 ወደ ማላያ ተዛወረች። እዚያ ያገኘችው ሌላ ዓይነት ሞት ነው። በሲንጋፖር የሚሞቱት ታናሽ የመጣባቸው ልጆች ሳይሆኑ ገና የተወለዱት ጨቅላዎች ነበሩ። የወተት ኩባንያዎች ሴቶችን ቀጥረው፣ እንደ ነርስ ነጭ አልብሰው በየቤቱ ይልካሉ። ሴቶቹ አራሷን ይጠይቃሉ፣ ሕፃኑን ያያሉ፣ ከዚያ የጣሳ ወተት ከጡት እንደሚሻል ይነግሯታል። እናት ነጭ የለበሰን ታምናለች። ወተቱ ስኳሩ እንጂ ቫይታሚኑ በቂ አይደለም፤ ውድ ስለሆነ ይቀጥናል፤ ውሃውም ንጹሕ አይደለም። ሕፃኑ ወይ በተቅማጥ ወይ በመመንመን ይሞታል፤ እስከዚያው የእናቱ ጡት ደርቋል። በ1939 የሲንጋፖር ሮታሪ ክለብ ንግግር እንድታደርግ ሲጋብዛት ሲስሊ ንግግሯን ወተትና ግድያ ብላ ሰየመችው። እናቶችን አታልሎ ጡት ማስተው እንደ ነፍስ ማጥፋት መታየት አለበት ስትል በነጋዴዎችና በሹማምንት ፊት ተናገረች። ኃይለ ቃሏ ለእኔም መጀመሪያ ላይ በዛብኝ። ግን ያወገዘችው ሻጮቹን ነው፤ እናቶቹን አይደለም።

ይህን ክፍል ሳነብ የእኔ ነጭ ጋውን በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ኩባንያ አልቀጠረኝም፣ አንድ ሳንቲምም አላገኘሁም። የሠራሁት ሥራ ግን ከሲንጋፖሮቹ ሴቶች በምን ይለያል? አራሷን ጠየቅኩ፣ ሕፃኗን አየሁ፣ ጡትሽ አልበቃም አልኩ። የቀጠነው ወተት፣ የጀሪካኑ ውሃ፣ የደረቀው ጡት ሁሉ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቀድሞ ተጽፏል።

ደግነቱ ሚጣ በ14ኛው ቀን የወደቀችው በደህና ሰው እጅ ነው። እናቴ እኔን ሳታማክር እህቴንና ልጅቷን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ያየችን ሲስተር በመጀመሪያ ትኩሳቷን፣ አተነፋፈሷን፣ ንቃቷን፣ የሰውነቷን ውሃ መጠን አየች። አደገኛ ምልክት የለም። ከዚያ ሚዛኑን ትታ እህቴን አጥቢያት አለቻትና ወንበር ስባ አጠገቧ ቁጭ አለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝም ብላ ነው ያየችው። እኔ በአምስተኛው ቀን ይህን አላደረግኩም። ሚጣ ስታጠባ ቁጭ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር!

ችግሩ ወዲያው ታየ። ሚጣ የምትይዘው የጡቱን ጫፍ ብቻ ነው፤ አፏ በደንብ ተከፍቶ በዙሪያው ያለውን ጥቁሩን ክፍል ካልያዘ ወተቱ በደንብ አይወርድም። እህቴ ጫፉ ቆስሎባት ስለነበር እያመማት ቶሎ ታስለቅቃታለች። ሲስተር የልጅቷን ሆድ ከእናቷ ሆድ ጋር አጋጥማ፣ አገጯን ጡቱ ላይ አስጠግታ ስታስይዛት የመዋጡ ድምፅ ለእኔ ሳይቀር ተሰማኝ። ቀጥላ በቀን ስንት ጊዜ ሽንት እንደምትሸና ጠየቀች። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጡጦው ሳይመጣ በፊት፣ ጨርቋ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ይርስ እንደነበር እናቴ መለሰች። ሲስተር ወደ እኔ ዞራ፣ እንግዲያው ያን ጊዜ ወተቱ እየገባ ነበር አለችኝ። ተማሪ መሆኔን ማን እንደነገራት አላውቅም፤ እናቴን እጠረጥራለሁ።

ያን ቀን የሰማሁትን ሁላችሁም በኋላ በክፍል ትማሩታላችሁ፤ ግን ከክፍል በፊት ሰፈር ውስጥ ስለምትጠየቁ ልንገራችሁ። ጨቅላ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተወለደበት ክብደት እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኞቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሱታል። የሚጣ 200 ግራም 7 በመቶ ገደማ ነው። የእናቴ ሟሸሽ ማለት ይኼ ነበር። በጡት ብቻ የሚያድግ ሕፃን ካካው ቢጫ፣ ቀጭንና ፍሬ ፍሬ ያለበት ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ ማለቱ ተቅማጥ አይደለም። ከወር ከምናምን በኋላ ደግሞ አንዳንዱ ቀናት ቆይቶ ቢል፣ ለስላሳ እስከሆነና ሆዱ እስካልተወጠረ ድረስ ድርቀት አይባልም። ደም ያለበት፣ ነጣ ያለ ወይም እንደ ውሃ የሚፈስ ከሆነ፣ ወይ ሕፃኑ አልጠባም ካለ ግን ቀን ሳይቆጥሩ መሮጥ ነው። ሆድ ዕቃው ገና ስለሆነ ማቅረሻቱም ማቃሰቱም ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ወተቱ ደግሞ የሚሠራው በተጠባ ቁጥር ነው። ጡጦ በገባ መጠን ጡት ሥራ ይፈታል። እኔ ወተት አነሰ ብዬ ያስገባሁት ጡጦ ወተቱን አሳነሰው።

ጡጦው በአንድ ቀን አልቆመም። እህቴ ሌሊቱን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አሥር አሥራ ሁለት ጊዜ እንድታጠባ፣ ካጠባች በኋላ በእጇ እያለበች በንጹሕ ሲኒ እንድትሰጣት፣ የጣሳው ወተት ግን በሚፈላ ውሃና በልኩ እየተበጠበጠ በየቀኑ እንዲቀነስ ተነገራት። አድካሚ ሳምንት ነበር። እህቴ ሁለት ጊዜ ልትተወው ነበር፤ እውነቷን ነው። በ21ኛው ቀን 2,820፣ በ28ኛው ቀን 3,040 ሆነች። ጡጦው የቆመው በዚሁ ሳምንት ነው። እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን፤ እናት የሞተችበት፣ ወይም ማጥባት በእርግጥ የማይቻልባት እናት ያለችው ሕፃን አለ፤ ለእሱ የዱቄት ወተት በልክ ሲሰጥ ሕይወት ነው። በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ እናታቸው ወተት የላትም ማለት ግን አይመስለኝም። ብዙዎቹ ቤት እንደ እኔ ያለ አዋቂ ገብቶ ይሆናል።

ወደ ሲስሊ ልመለስ። ከንግግሩ ሁለት ዓመት በኋላ በዲሴምበር 1941 ጃፓኖች ማላያ ገቡ። በሰሜን ምሥራቅ ትሬንጋኑ ትሠራ የነበረችው ሲስሊ ወደ ሲንጋፖር ሸሸች፤ በፌብሩዋሪ 1942 ሲንጋፖርም ወደቀች። ቻንጊ በሚባለው እስር ቤት ሦስት ዓመት ተኩል ታሰረች፤ የሴቶቹ ክፍል ኃላፊም ሆና ነበር። በ1943 የጃፓን ወታደራዊ ፖሊስ ለምርመራ ወስዶ ለወራት በጠባብ ክፍል ውስጥ ከሚሞቱ ሰዎች ጋር አቆያት። በተቅማጥና በቤሪቤሪ ተሠቃየች፤ የእግሮቿ መደንዘዝ ዕድሜ ልኳን አልለቀቃትም። በዚያ ረሃብ ውስጥ፣ ጣሳ በሌለበት፣ ሃያ ሕፃናት ተወለዱ። ሁሉም ጡት ጠቡ፤ አንድም እንዳልሞተ ሲስሊ መዝግባዋለች። ይህን ሳነብ እህቴ ምግቤ ጥሩ ስላልሆነ ይሆናል ወተቴ ያነሰው ብላ ያለቀሰችው ትዝ አለኝ። ገንፎ በቅቤ እየበላች እኮ ነው!

ከጦርነቱ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ሲቋቋም የእናቶችና ሕፃናት ጤና ክፍል የመጀመሪያዋ ኃላፊ ሆነች። ክዋሽዮርኮር በአፍሪካ በአሥር አገሮች እንዲጠና አደረገች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጃማይካ የሚያስመልስና የሚገድል በሽታ መርምራለች፤ በለንደንና በቤይሩትም አስተምራለች። በየሄደችበት የምትጨቃጨቀው በአንድ ነገር ነው፤ ማከሚያውና መከላከያው፣ ሆስፒታሉና የእናት ቤት ለምን ተለያዩ እያለች። ጋና ሳለች ነርሶቿን ወደየቤቱ ትልክ፣ ለልጆቹም ካርድ ታስይዝ ነበር። ሚጣ ጤና ጣቢያ የተሰጣት ካርድ የሩቅ ዘመዱ ይመስለኛል።

በሜይ 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትኮች እንዴት እንደሚሸጡ የሚገድበውን ዓለም አቀፍ ደንብ ሲያጸድቅ 118 አገሮች ደገፉ፣ አሜሪካ ብቻዋን ተቃወመች። ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ወደ እናቶች እንዳይልኩ ደንቡ ከልክሏል። ሲስሊ ያን ጊዜ 87 ዓመቷ ነበር፤ ከሮታሪ ክለቡ ንግግር 42 ዓመት አልፏል። በጁላይ 1992 በኦክስፎርድ በ98 ዓመቷ ሞተች። በአክራ የሠራችበት የፕሪንሰስ ማሪ ሉዊዝ ሆስፒታል ዛሬም ሕፃናትን ያክማል።

ሚጣ በ45 ቀኗ ለክትባት ስትሄድ 3,600 ግራም ሆነች። እህቴ ከወሊድ በኋላ የተፈቀደላት 90 ቀን አልቆ ሥራ ስትገባ ሌላ ጭንቅ መጣ፤ ከሌሊት ተነሥታ እያለበች በሲኒ እያስቀመጠች ተወጣችው፣ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። አሁን ሚጣ ስድስት ወር አልፏት ገንፎ ጀምራለች። እናቴ ገንፎው ላይ ቅቤ ጣል ታደርጋለች፤ እኔ በየወሩ አስመዝኜ ካርዱ ላይ ነጥቧን አደርጋለሁ። ነጥቡ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠየቀው ግን ሲስተር ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እናቴ እንደዚያ ወስናለች።